ዶቨር፦ ገደሉ ዓይንም ጣራም የነበረበት ዘመን

ዶቨር በእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ አንድ ትንሽ ወንዝ በቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። በከተማዋ ምሥራቅና ምዕራብ ከባሕሩ ቀጥ ብለው የሚነሡ ነጭ ገደሎች አሉ፤ ከፍታቸው በአንዳንድ ስፍራ 110 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከእነዚህ ገደሎች እስከ ፈረንሳይ ዳርቻ ያለው ባሕር እጅግ በሚጠብበት ቦታ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ መሃል ዱከም ከሚያደርሰው መንገድ ትንሽ ያንሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከ1940 እስከ 1944 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ በዚህ ሰርጥ ግራና ቀኝ የብሪታንያና የጀርመን ከባድ መድፎች አራት ዓመት ሙሉ ተፋጠው ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ በዶቨር ገደሎች ላይ የተሠራው መከላከያ እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ምን እንደተሳካለትና ምን እንዳልሆነለት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የእኛ አገር ሰው ስለ ገደልና ስለ ጦርነት ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ ወይም ሁለት በር፣ ላዩ ደግሞ ውሃና እህል ያለበት ምሽግ። በዚህ ዓይን ዶቨርን የተመለከተ ሰው የገደሉ ዋና ጥቅም ወራሪን ማገድ ነበር ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ጦር መቶ ሜትር ገደል ሊቧጥጥ አይሞክርም፤ ገደሉ ዝቅ ብሎ ጠጠራማ ዳርቻ የሚሆንበትን ወይም ወደብ ያለበትን ቦታ ፈልጎ ይወርዳል። ጀርመኖች በ1940 ያዘጋጁት የወረራ ዕቅድም በባሕር የሚመጣው ጦር ከዶቨር በስተምዕራብ ባሉት ዝቅተኛ ዳርቻዎች እንዲያርፍ የሚያዝ ነበር። ስለዚህ ገደሉ እንደ ግድግዳ የሰጠው አገልግሎት ጥቂት ነው። ትልቁ አገልግሎቱ ሁለት ነበር፦ ከፍታው ለተከላካዩ ዓይን ሆነለት፤ ሆዱ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ ተፈልፍሎ ጣራ ሆነለት።

ግድግዳው ክፍተት ያለበትን ቦታ በቶሎ አልፈን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። በ1940 ሜይ መጨረሻና ጁን መጀመሪያ የብሪታንያ ጦር ከፈረንሳይዋ ደንከርክ በመርከብ ሲሸሽ ወታደሩ ቢተርፍም መድፉ፣ ታንኩና ተሽከርካሪው እዚያው ቀረ። ወራሪ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል ተብሎ ስለተሠጋ በዳርቻው ሁሉ የሽቦ አጥር ተዘረጋ፣ ፈንጂ ተቀበረ፣ ታንክ የሚያግዱ ትላልቅ የኮንክሪት ኩቦች ተደረደሩ፣ መትረየስ የሚተከልባቸው ትንንሽ የኮንክሪት ምሽጎች ተሠሩ፣ የብረት ቱቦ እንደ ሕንፃ መወጣጫ እየተገጣጠመ በውሃው ዳር ቆመ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተፈቱ መርከቦች ተነቅለው መጋዘን የተቀመጡ ባለ 6 ኢንች መድፎችም እየወጡ በችኮላ በተሠሩ መደቦች ላይ ተተከሉ። ይህ ሁሉ በዶቨር ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ የባሕር ዳርቻ በሙሉ የተደረገ ነው፤ ዶቨርን ልዩ የሚያደርጋት ከገደሉ ላይ የነበረው ነው።

በባሕር ዳር ቆሞ ወደ ውሃው የሚመለከት ሰው ዓይኑ ከውሃው ወለል ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ አድማሱ ያለው 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ምድር ክብ በመሆኗ ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕር ወለል ከዓይን በታች ይወርዳል። ያው ሰው መቶ ሜትር ከፍ ካለ ገደል ላይ ቢቆም አድማሱ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የዶቨር ሰርጥ ስፋት 33 ኪሎ ሜትር መሆኑን ካስታወስን፣ ከገደሉ ጫፍ የቆመ ጠባቂ ቀኑ ከጠራ የሰርጡን ውሃ ከዳር እስከ ዳር ይቃኛል ማለት ነው። እስከ ተቃራኒው ዳርቻ ድረስ የሚያሻግር ይህን ያህል ከፍታ ተፈጥሮ በነጻ ማቅረቧ ብቻውን ዶቨርን ከሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች ይለያታል።

ከፍታው ከማሳየትም አልፎ ይለካል። የመድፍ ተኳሽ ዋና ችግር ዒላማው በየት አቅጣጫ እንዳለ ማወቅ አይደለም፤ አቅጣጫውን በመነጽር ያየዋል። ችግሩ ርቀቱ ነው። በገደል ላይ የተቀመጠ ታዛቢ ግን ከባሕሩ ወለል ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ አስቀድሞ ያውቃል። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ መርከቡ ውሃውን የሚነካበትን መስመር ካነጣጠረ፣ መነጽሩ ወደ ታች ያዘነበለበት ማዕዘንና የራሱ ከፍታ ተገናኝተው ርቀቱን ይነግሩታል። ከመቶ ሜትር ከፍታ 10 ኪሎ ሜትር የራቀ መርከብ ሲታይ መነጽሩ የሚያዘነብለው ከአንድ ዲግሪ ባነሰ፣ 0.6 ዲግሪ ገደማ ነው። ማዕዘኑ ይህን ያህል ጥቂት ስለሆነ መሣሪያው እጅግ ትክክለኛ መሆን አለበት፤ መደቡም እንዳይነቃነቅ በኮንክሪት ላይ ይታሰራል። እንግሊዞች በዚህ መንገድ የሚሠሩ መሣሪያዎችን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በባሕር ዳር ምሽጎቻቸው ሲጠቀሙ ቆይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ግን ጠባዩን ሁሉ የምታሳይ ነገር አለች። በዶቨር ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትሆን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 6 ሜትር ይደርሳል። ታዛቢው ከፍታዬ መቶ ሜትር ነው ብሎ ሲለካ ባሕሩ ስድስት ሜትር ወርዶ ከሆነ እውነተኛው ከፍታ 106 ሜትር ነው፤ መሣሪያው 10 ኪሎ ሜትር ብሎ የነገረው መርከብም የሚገኘው 10.6 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጥይቱ 600 ሜትር ቀርቶ ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ መሣሪያው የባሕሩን ሙላትና ጉድለት እየተከተለ መስተካከል ነበረበት። በገደል ላይ የተተከለ መድፍ ትክክል እንዲመታ ከታች ያለው ውሃ በዚያ ሰዓት የት ድረስ እንደደረሰ የሚከታተል ሰው ያስፈልግ ነበር።

ዓይን የሚሠራው ቀኑ በጠራ ጊዜ ነው፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው እንግሊዝ ቻናል ደግሞ ጭጋግ የማይጠፋበት ባሕር ነው። ይህን ለማካካስ መጀመሪያ የተሞከረው ጆሮ ነበር። ፋን ቤይ በሚባለው የገደል ክፍል ላይ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917፣ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል ትልቅ የኮንክሪት ገጽ በገደሉ ፊት ላይ ተሠራ፤ ሌላ ተለቅ ያለም በኋላ ተጨመረለት። ከባሕር በኩል የሚመጣ የአውሮፕላን ድምፅ በጎድጓዳው ገጽ ነጥሮ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ አድማጩም የሐኪም ማዳመጫ በሚመስል መሣሪያ ድምፁ የሚጎላበትን ነጥብ እየፈለገ አውሮፕላኑ በየት በኩል እንዳለ ይገምታል። አውሮፕላኖች ዝግ ብለው በሚበሩበት ጊዜ ይህ የጥቂት ደቂቃዎች ዕድሜ ይሰጥ ነበር። ፍጥነታቸው ሲጨምር ግን ድምፁ በተሰማ ቅጽበት አውሮፕላኑ ከራስ በላይ ሆነ፤ የድምፅ መስታወቱም ሥራ ፈታ።

ቦታውን የወሰደው ራዳር ነው። ከዶቨር ግንብ በስተምሥራቅ ስዊንጌት በሚባለው ሜዳ ላይ ከጦርነቱ በፊት ከመቶ ሜትር በላይ የሚረዝሙ የብረት ማማዎች ተተክለው ነበር፤ እነዚህ ከፈረንሳይ በኩል የሚነሣውን የጀርመን አውሮፕላን ገና ከሩቁ የሚያዩ የማስጠንቀቂያ ጣቢያዎች ሰንሰለት አካል ናቸው። ጀርመኖች ኦገስት 12 ቀን 1940 ይህንን ጣቢያና ጎረቤቶቹን በቦምብ መቱ፤ የዶቨሩ ግን ብዙም ሳይጎዳ ቀረ። መርከብን ከገደል ላይ ሆኖ ለይቶ የሚያይና ለመድፍ የሚያነጣጥር አጭር ሞገድ ራዳር የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1941 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መድፈኛው በጭጋግም በሌሊትም መተኮስ ቻለ። በእኔ ግምት በዶቨር ገደል ላይ ከተተከለው ሁሉ ለተከላካዩ ይበልጥ የጠቀመው ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚነሣው ግን ሁልጊዜ መድፉ ነው።

ወደ መድፎቹ እንምጣ። በጦርነቱ መጀመሪያ በገደሉና በወደቡ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ አሮጌ ሲሆኑ ተግባራቸው የወደቡን አፍ መጠበቅ ነበር። ላንግደን በሚባለው ገደል ላይና ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው ሲታደል በሚባለው ምሽግ አካባቢ መድፎች ነበሩ፤ ከታች ደግሞ ወደቡን ከማዕበል በሚከልሉት ረጃጅም የድንጋይ ግንቦች ላይ በፍጥነት የሚተኩሱ ትንንሽ መድፎች ተተክለዋል። ትንንሾቹ ከታች የሆኑበት ምክንያት አለው። ከገደል አፋፍ ላይ ያለ መድፍ ከሥሩ ወደሚገኘው ውሃ አፈሙዙን ሊያዘነብል አይችልም፤ ከገደሉ ግርጌ ጀምሮ ያለ የተወሰነ ባሕር ከጥይቱ በታች ይቀራል። ቶርፔዶ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ ተምዘግዝጎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ፣ የያዘ ፈጣን ጀልባ በዚያ ጥላ ሥር ተሽሎክሉኮ ወደብ ሊገባ ስለሚችል፣ ከፍታ የከለከለውን የሚሸፍን መድፍ ከውሃው እኩል መቀመጥ ነበረበት።

በ1940 ጁላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ዶቨርን ሲጎበኙ የጠላት መርከቦች በቻናሉ ውስጥ እንደልባቸው ሲመላለሱ ተመልክተው እጅግ ተቆጡ፤ አዳዲስ መድፎችም እንዲተከሉ አዘዙ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ለጦር መርከብ ተሠርቶ በትርፍነት የተቀመጠ ባለ 14 ኢንች መድፍ ሲሆን ሴንት ማርጋሬትስ በሚባለው መንደር አቅራቢያ ተተከለና በቸርችል ስም ‹‹ዊኒ›› ተባለ። ኦገስት 22 ቀን 1940 ከእንግሊዝ ምድር ወደ አውሮፓ ዋና ምድር የተሻገረውን የመጀመሪያ የመድፍ ጥይት የተኮሰው ይኸው ነው። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ‹‹ፑ›› የተባለ ጓደኛ ተጨመረለት። ሁለቱም ጥይት ለማጉረስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድባቸው ለተንቀሳቃሽ መርከብ የማይሆኑ ነበሩ፤ ጥቅማቸው በተቃራኒው ዳርቻ ያለውን የጀርመን የመድፍ ሰፈር መነቅነቅና፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአገሬውን ሰው መንፈስ ማነቃቃት ነበር። ጀርመን ሲተኩስ ዝም አለማለት ራሱን የቻለ ዓላማ ነው።

ለመርከብ የተተከሉት ሦስት ባትሪዎች ናቸው፤ ባትሪ ሲባል በአንድ አዛዥና በአንድ የርቀት መለኪያ የሚመሩ መድፎች ስብስብ ማለት ነው። በፋን ቤይ ሦስት ባለ 6 ኢንች፣ በሳውዝ ፎርላንድ አራት ባለ 9.2 ኢንች፣ በዋንስተን እርሻ ደግሞ በ1942 ሁለት ባለ 15 ኢንች መድፎች ተተከሉ። ‹‹ኢንች›› የሚለው የአፈሙዙን ስፋት ያመለክታል፤ ልዩነቱ ግን ይበልጥ የሚገባው በጥይቱ ክብደት ነው። የ6 ኢንቹ ጥይት 45 ኪሎ ግራም ገደማ፣ የ9.2 ኢንቹ 172 ኪሎ ግራም፣ የ15 ኢንቹ ደግሞ ወደ 880 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የመጀመሪያውን አንድ ጠንካራ ሰው ይሸከመዋል፤ የመጨረሻው ደግሞ የትንሽ መኪና ያህል ይከብዳል። የዋንስተን ሁለት መድፎች ‹‹ክሌም›› እና ‹‹ጄን›› የሚባል ስም ወጥቶላቸው ነበር፤ ጥይታቸው ሰርጡን ተሻግሮ የፈረንሳይን ምድር ይመታ ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል መድፍ ካለ ለምን የጀርመን መርከብ ሁሉ አልሰጠመም? መልሱ በጊዜ ውስጥ ነው። ወደ ሰርጡ ማዶ የሚጓዝ ጥይት አየር ላይ አንድ ደቂቃ ገደማ ይቆያል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጦር መርከብ በዚያች ደቂቃ ከ800 ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ተኳሹ የሚያነጣጥረው መርከቡ ያለበትን ሳይሆን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይሆንበታል ብሎ ያሰበውን ባዶ ውሃ ነው፤ ካፒቴኑ በመሃል መሪውን ትንሽ ካዞረ ሂሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። ሌላው ዘዴ ጥይቱ ሲወድቅ የሚነሣውን የውሃ ዓምድ አይቶ ‹‹ቀርቷል፣ አልፏል›› እያሉ ማስተካከል ነው፤ ጭጋግ ካለ ግን ዓምዱም አይታይም።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተፈተነ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1942 ሌሊት ሻርንሆርስት፣ ግናይዘናውና ፕሪንትስ ኦይገን የሚባሉ ሦስት ታላላቅ የጀርመን የጦር መርከቦች በፈረንሳይ ከምትገኘው ከብሬስት ወደብ ተነሥተው፣ በዙሪያቸው ብዙ አጃቢ መርከብና አውሮፕላን አሰልፈው፣ በቻናሉ በኩል ወደ አገራቸው ጉዞ ጀመሩ። የእንግሊዝ ጠባቂዎች ነገሩን የተረዱት እጅግ ዘግይተው ነው። በማግሥቱ እኩለ ቀን አካባቢ መርከቦቹ በዶቨር ፊት ለፊት ሲያልፉ ባሕሩ ጭጋጋም ነበር፤ ከገደሉ ጫፍ የቆመ ሰው ምንም አያይም። የሳውዝ ፎርላንድ ባትሪ በአዲሱ ራዳር ተመርቶ 12 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ19 ላይ፣ መተኮስ ጀመረ። 33 ጥይት ተኮሰ፤ አንዱም አልመታም። ራዳሩ መርከቦቹን ቢያያቸውም ጥይቶቹ የት እንደወደቁ የሚያይ ዓይን ስላልነበረ ስሕተቱን ማስተካከል አልተቻለም፤ መርከቦቹም በፍጥነት ከመድፎቹ ክልል ወጡ። ጥቂት ቆይቶ በዩጂን ኤስሞንድ የተመሩ ስድስት ስዎርድፊሽ የሚባሉ ዘገምተኛ የቶርፔዶ አውሮፕላኖች ጥቃት ሰንዝረው ስድስቱም ወደቁ፤ ከተሳፈሩት 18 ሰዎች ኤስሞንድን ጨምሮ 13ቱ ሞቱ። መርከቦቹ ጀርመን ገቡ። ሁለቱን በመጨረሻ የጎዳቸው በመንገዳቸው ላይ የተቀበረ የባሕር ፈንጂ ነው፤ ከገደሉ መድፍ ይልቅ ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ብረት ይበልጥ ሠራ።

ከዚህ ተነሥቶ መድፎቹ ከንቱ ነበሩ ማለት ግን ትክክል አይሆንም። የባሕር ዳር መድፍ የሚመዘነው በመታው መርከብ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እንዳይመጣ ባደረገው ጭምር ነው። የጀርመን የንግድ መርከቦች በቀን ብርሃን በሰርጡ ማለፍ ትተው ሌሊትና ጭጋግ መጠበቅ፣ በራሳቸው ዳርቻ ተለጥፈው መሄድ፣ አጃቢ ማብዛት ግድ ሆነባቸው። የጠፋ ጊዜና የባከነ አጃቢ በቁጥር ለመግለጽ ስለሚያስቸግር በታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

በማዶው ያሉት ጀርመኖች ደግሞ ከእንግሊዞቹ የበለጠ መድፍ ነበራቸው። በኦዲንገን መንደር አቅራቢያ ‹‹ቶት›› የተባለው ባትሪ አራት የ38 ሴንቲ ሜትር መድፎች፣ በሳንጋት ያለው ‹‹ሊንደማን›› ሦስት የ40.6 ሴንቲ ሜትር መድፎች ነበሩት፤ ሌሎችም በካፕ ግሪኔና በካሌ ዙሪያ ተደርድረዋል። እነዚህ መርከብ ላይ ብቻ ሳይሆን ከተማ ላይም ይተኩሱ ነበር፤ ከተማ ደግሞ መሪ አያዞርም። የመጀመሪያው ጥይት ዶቨር ላይ የወደቀው ኦገስት 12 ቀን 1940፣ ራዳሩ በተደበደበበት በዚያው ዕለት፣ በእኛ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እስከ 1944 ሴፕቴምበር ድረስ በከተማዋ ላይ ከ2,200 በላይ ጥይት ወደቀ፤ በመድፍና በአውሮፕላን ቦምብ ከ200 በላይ ሲቪሎች ሞቱ። ጋዜጦች አካባቢውን ‹‹የገሃነም እሳት ማዕዘን›› አሉት።

አውሮፕላን ሲመጣ ሳይረን ቀድሞ ይጮኻል፤ ሰውም መጠለያ ይገባል። የመድፍ ጥይት ግን ከድምፅ ይፈጥናል፤ ስለዚህ የሚመጣበት ድምፅ ከመፈንዳቱ በኋላ ነው የሚሰማው። የዶቨር ባለሥልጣናት ለዚህ ያገኙት መላ አንድ ብቻ ነበር፦ የመጀመሪያው ጥይት ከወደቀ በኋላ ሳይረኑን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማስጮኽ። አንድ ጊዜ ከጮኸ አውሮፕላን፣ ሁለት ጊዜ ከጮኸ መድፍ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚያገለግለው ለሁለተኛው ጥይትና ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ነው፤ ለመጀመሪያው ጥይት ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር አልነበረም። አደጋው አልፏል የሚለው ድምፅ የሚሰማውም የመጨረሻው ጥይት ከወደቀ ሰዓት ያህል ከተቆጠረ በኋላ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች በ1940 ጁን መጀመሪያ በባቡር ወደ ደቡብ ዌልስ ተልከው ነበር። የቀረው ሰው ሳይረኑ ሁለት ጊዜ ሲጮኽ የሚሮጠው ወደ ገደሉ ሥር ነው፤ ዊንቸልሲና ኦይል ሚል በሚባሉት አሮጌ ዋሻዎች ውስጥ አልጋና ብርድ ልብስ ይዘው የሚያድሩ ቤተሰቦች ነበሩ። አባባሉን ቃል በቃል ልንወስደው እንችላለን፤ ገደሉ ጣራ ሆኖላቸዋል።

ይህ ጣራ የተቻለው ገደሉ ከጠመኔ የተሠራ በመሆኑ ነው። ጠመኔ በጥንት ዘመን ባሕር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ እጅግ ደቃቅ ተክል መሰል ፍጥረታት ቅርፊት ተከማችቶ የሆነ ድንጋይ ነው። በዶማ ለመፈልፈል ይለሰልሳል፣ ሲፈለፈልም ለተወሰነ ጊዜ ሳይደረመስ ይቆማል። ስለዚህ በገደሉ ውስጥ ዋሻ መሥራት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ናፖሊዮን ያሠጋ በነበረበት ጊዜ፣ ከ1797 ጀምሮ፣ በዶቨር ግንብ ሥር ለወታደር ማደሪያ የሚሆኑ ዋሻዎች ተፈልፍለው ወደ 2,000 ሰው ያሳድሩ ነበር። እነዚያው ዋሻዎች በ1940 የባሕር ኃይል ዕዝ ሆኑ። ምክትል አድሚራል በርትራም ራምዚ ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 ከደንከርክ 338,226 ወታደር ያስወጣውን ዘመቻ የመሩት ከዚያ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይተርፋል ተብሎ የታሰበው 45,000 ያህል ነበር። በኋላ ከዋሻዎቹ በላይ የሕክምና ክፍል፣ ከሥራቸው ደግሞ ሌላ የዕዝ ወለል ተጨመሩ። በመሃል የተጀመረ አንድ ቁፋሮ መሬቱ እየተናደ አስቸግሮ ተትቷል፤ ለስላሳነት ውለታውም ዕዳውም ነው።

ጠመኔ ሌላም ጠባይ አለው፦ ነጭ ነው። በአረንጓዴ ሣር መሃል የተደፋ ነጭ ቁፋሪ ከአውሮፕላን ላይ ለሚመለከት ሰው ‹‹እዚህ እየቆፈሩ ነው›› ብሎ ይናገራል። ስለዚህ ቆፋሪው ከመቆፈሩ ያላነሰ ያወጣውን መደበቅ ያስቸግረው ነበር።

ከሁሉ በላይ ቀረብ ብሎ ሊታይ የሚችለው የፋን ቤይ ጥልቅ መጠለያ ነው። የንጉሣዊ መሐንዲሶች ጦር 172ኛ የዋሻ ቆፋሪዎች ሻምበል ከ1940 ኖቬምበር እስከ 1941 ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ በ100 ቀን ውስጥ፣ ከመሬት በታች 23 ሜትር ገደማ ቆፍሮ በጨረሰው በዚህ መጠለያ የባትሪው 185 ያህል መኮንኖችና ወታደሮች በጥይት ጊዜ ይገቡ ነበር። መግቢያው 125 ደረጃ ሲሆን ውስጡ ከማዕድን ጉድጓድ የተወሰደ በሚመስል ቆርቆሮና ቀስት ብረት የተደገፈ ነው። ብረቱ በሌለበት ቦታ ወታደሮቹ በጠመኔው ላይ ስማቸውንና ፊት ቀርጸዋል። ከጦርነቱ በኋላ መጠለያው ተዘግቶ በ1970ዎቹ በፍርስራሽ ተሞላ፤ በ2012 መሬቱን የገዛው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ክንድ ከመቶ ቶን በላይ አፈር አስወጥቶ በ2015 ለጎብኚ ከፈተው። ሲጸዳ ከተገኙት መካከል የእግር ኳስ ውጤት የሚገመትበት የውርርድ ወረቀት፣ ኮት ለመስቀያ የተጠማዘዘ ሽቦና በግድግዳው ላይ የተሰካ መርፌ ይገኙበታል፤ መርፌው ካኪ ክሩን እንደያዘ ነበር። መድፎቹ ቢጠፉም ቁልፍ ለመስፋት የተሰካችው መርፌ ሰባ ዓመት ቆይታ ተገኘች።

የመድፎቹ ፍጥጫ ያበቃው ከማዶ በኩል ነው። በ1944 ሴፕቴምበር የካናዳ ጦር በፈረንሳይ ዳርቻ እየገፋ ካሌንና ካፕ ግሪኔን ሲያጠቃ የዋንስተን መድፎች ከእንግሊዝ ሆነው ረዱት። ጀርመኖች እጃቸውን ሳይሰጡ ያላቸውን ጥይት ለመጨረስ የፈለጉ ይመስል በመጨረሻዎቹ ቀናት ዶቨርን ክፉኛ ደበደቧት፤ የመጨረሻው ጥይት የወደቀው ሴፕቴምበር 26 ነው። ካናዳውያን ካፕ ግሪኔን የያዙት ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በዶቨር የባሕር ዳር መንገድ ላይ ከተማረከ የጀርመን መድፍ የተወሰደ አንድ የብረት ሰሌዳ ዛሬም ቆሟል፤ መድፉ ዶቨር ላይ የተኮሰው ተቆጥሮ ተመዝግቦበታል።

ብሪታንያ የባሕር ዳር መድፈኛ ጦሯን በ1956 አፈረሰች። አውሮፕላንና ሚሳይል በመጡበት ዘመን ከገደል ላይ መርከብ የሚጠብቅ መድፍ የሚሆን ቦታ አልነበረውም፤ መድፎቹ ተቆራርጠው ለብረት ተሸጡ። በላንግደን የመድፍ መደብ ላይ አሁን የመርከቦችን ትራፊክ የሚቆጣጠር የባሕር ጠባቂዎች ጣቢያ ተሠርቷል። ከመድፎቹ የቀሩት የኮንክሪት መደቦች ናቸው፤ እነሱም በገደሉ አፋፍ ያሉቱ ገደሉ በየጊዜው ስለሚናድ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ባሕሩ እየቀረቡ ነው።

በማዶው ደግሞ ሊንደማን የነበረበት ስፍራ በአብዛኛው አይታይም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰርጡ ሥር የባቡር ዋሻ ሲቆፈር ከፈረንሳይ በኩል የወጣው ጭቃማ ጠመኔ በሳንጋት የተደፋው በእሱ ላይ ነው። ከእንግሊዝ በኩል የወጣው 4.9 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደግሞ ከዶቨር በስተምዕራብ በገደሉ ግርጌ በባሕሩ ላይ ተደፍቶ 30 ሄክታር አዲስ መሬት ሆነ፤ ሳምፋየር ሆ ይባላል፤ በጎች ይሰማሩበታል።